የማይሸት፣ የማይታይ፦ በሥራ ቀን አየር ላይ ያሉ ተረቶችና እውነታዎች

ስለ ጤና በቃል ሲተላለፍ የኖረው ምክር አብዛኛው የሚያስጠነቅቀው ከሚሸት፣ ከሚታይና ከሚቀዘቅዝ ነገር ሲሆን፣ ሠራተኛው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ከሚተነፍሰው አየር የሚደርስበት ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱንም ምልክት አያሳይም። በዚህም የተነሳ ጥንቃቄው ጉዳት በሌለበት ይጠነክራል፤ ጉዳቱ ባለበት ደግሞ ይላላል።

የመጀመሪያው ማሳያ ንፋስን መፍራት ነው። በሚኒባስ ታክሲ አንድ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ንፋስ ይመታናል፣ ዝጋው» መባሉ የተለመደ ነው፤ እምነቱም የሳልና የሳንባ ሕመም ምንጭ ከውጭ የሚገባው ብርድ ነው የሚል ነው። ይሁንና ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ማለትም ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ካረጋገጠ ወዲህ፣ ይህ ሕመም በአየር አማካይነት ከታማሚው ወደ ጤነኛው እንደሚተላለፍ፣ ብርድ ብቻውን ግን እንደማያመጣው ታውቋል። ታማሚው ሲያስል ወይም ሲናገር የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች ውኃቸው ተንኖ ስለሚቀልሉ በተዘጋ ቦታ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ስለሆነም የሚፈራው ንፋስ እነርሱን ጠርጎ የሚያወጣ፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት መከላከያ ነው።

ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢው ከሰል ነው። የጀበና ቡና በቢሮ ኮሪደር፣ በሱቅ ጥግና በሕንፃ ምድር ቤት በሚፈላበት ከተማ፣ «ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከወጣለትና ከቀላ በኋላ አይጎዳም» የሚለው እምነት በስፋት ተቀባይነት አለው። በእርግጥ ጭስ ዓይንን ያቃጥላል፣ ሳንባንም ይጎዳል፤ ነገር ግን የቀላው ፍም ጭሱን ቢጨርስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ማመንጨቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ የሚፈጠረው ካርቦን በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ሲሆን፣ በምድጃው ሥር የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በጋለው ፍም መካከል ሲያልፍ ተመልሶ ወደዚሁ ጋዝ ሊለወጥ ይችላል። ቀለምም ሽታም ስለሌለው በክፍሉ ያለ ሰው መኖሩን በስሜት ሕዋሱ ሊያውቅ አይችልም፤ እጣን ሲጨስ ደግሞ የሚሸተው እጣኑ ብቻ ነው።

ጋዙ ወደ ደም ሲገባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ኦክስጅን ራሱ ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ንጹህ አየር ወዳለበት የወጣ ሰው ደሙ የያዘው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት፣ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ የምትውለው ቡና አፍይ ከጠዋቱ የወሰደችው ሳይወጣላት የከሰዓቱ ይጨመርባታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጋዙ ከእርሷ ደም ይልቅ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ዘግይቶ በመሆኑ አደጋው ይከፋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም «የቡና ሱስ ነው» ወይም «ምች ነው» ተብሎ እዚያው ምድጃ አጠገብ ሌላ ሲኒ መጠጣቱ፣ ታማሚውን ወደ ሕመሙ ምንጭ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ራስ ምታቱ ከክፍሉ ሲወጡ ቀለል የሚል፣ ሲመለሱ የሚያገረሽና በአንድ ክፍል የዋሉትን ሰዎች በአንድነት የሚይዝ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ከሰሉ መጠርጠር አለበት። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ጋዙን የተሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ የተመረዘ ሰው ላይ ጤናማ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ታማሚውን አረጋግቶ ወደ ቤቱ ሊሸኘው ይችላልና ነገሩ በተራ ሰው ስህተት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከሁሉ የከፋው በር ዘግቶ ከሰል እያነደዱ መተኛት ሲሆን፣ ሌሊት ብርድ ሲጠነክርበት ምድጃውን ወደ ጠባቧ የጥበቃ ቤቱ የሚያስገባው የጥበቃ ሠራተኛ ራስ ምታቱ ሳይቀሰቅሰው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ሦስተኛው እምነት ወተት አቧራንና የቀለም ሽታን ከሳንባ ያጥባል የሚለው ነው። እምነቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ጎጂ በሆነ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች ወተት በደንብ ተፈቅዶ ይታደል ነበር። ወተት ምግብ እንደመሆኑ ለሠራተኛው መሰጠቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚወርደው በጉሮሮ ወደ ጨጓራ ሲሆን፣ አቧራው የሚሄደው በአየር ቧንቧ በኩል ስለሆነ ሁለቱ ከቶ አይገናኙም። ኮብልስቶን ሲጠረብ ወይም ድንጋይ በማሽን ሲቆረጥ የሚነሳው ሲሊካ የተባለው ማዕድን ብናኝ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንሰው ክፍሉ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ወደማይገኙበት የመጨረሻው የሳንባ ከረጢት ይደርሳል። ብናኙን የሚውጡት የመከላከያ ሕዋሳት ራሳቸው ይሞታሉ፤ ቦታውም እየጠጠረ ጠባሳ ይሆናል። ሲሊኮሲስ የተባለው ይህ ሕመም በቲቢ የመያዝን ዕድል የሚጨምር ሲሆን፣ ጠባሳውን የሚያስለቅቅ መድኃኒት እስካሁን የለም።

አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕም የሚያስቀረው ሸካራውን አቧራ እንጂ ይህን ደቃቅ ብናኝ አይደለም። ብናኙ ገና ሲነሳ የሚያዘው በመቁረጫው ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ነው፤ ያን ጊዜ ጭቃ ሆኖ መሬት ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ግዴታ የሚጥልበት በመሆኑ፣ ለድንጋይ ቆራጮቹ በየቀኑ ወተት የሚያድል ድርጅት የውኃ ቱቦና ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል እስካላቀረበ ድረስ ግዴታውን ተወጥቷል ሊባል አይችልም።