ከፎቶሾፕ በፊት ፊደል፦ የግራፊክስ ዲዛይን ሙያና መሣሪያዎቹ

«ግራፊክስ ዲዛይነር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ላይ ሲወጣ ከሥሩ የሚዘረዘረው መስፈርት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ፎቶሾፕ፣ ኢሉስትሬተርና ኢንዲዛይን የሚችል፣ የሠራቸውን ሥራዎች ማሳየት የሚችል። ሙያውን ሊጀምር ያሰበ ወጣትም ይህን አይቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «የቱን ሶፍትዌር ልማር?» ቢሆን አይፈረድበትም። ሶፍትዌሩ ግን ከሙያው ቀላሉ ክፍል ነው። በጥቂት ወራት ትጋት እጅ ይገባል፤ ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚያስተምረውም ሞልቷል። ዓመታት የሚወስደው ሌላው ነው፦ ጽሑፍን በገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ፣ ደንበኛው በአፉ ከሚናገረው ውስጥ የሚፈልገውን ነገር ለይቶ ማውጣት።

ሙያው ከኮምፒውተር ጋር የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ቁም ጸሐፊው ግን ብራናው ላይ አንድ ፊደል ከማኖሩ በፊት ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል፤ ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍላል፤ ከላይ ሐረግ ለሚባለው ጌጥ ቦታ ይተዋል፤ የፈጣሪንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም ይለያል። ዛሬ ኢንዲዛይን ላይ አዲስ ሰነድ ስንከፍት ፕሮግራሙ የሚጠይቀን ያንኑ ነው፤ ሕዳጉ ምን ያህል ይሁን? ዓምዱ ስንት? በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተትስ? በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብርሃንና ሰላምን በመሰሉ ማተሚያ ቤቶች ይኸው የገጽ ቅንብር ከብራና ወደ እርሳስ ፊደል ተሻገረ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሠዓሊዎችንና ዲዛይነሮችን ሲያወጣ ቆይቷል።

መሣሪያዎቹን በአጭሩ እንተዋወቃቸው። ፎቶሾፕ የፎቶ ነው። ቶማስ ኖል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ በፊልም ቪዥዋል ኢፌክት ሥራ ላይ የነበረው ወንድሙ ጆን ተጨመረበትና እ.ኤ.አ. በ1990 በአዶቢ ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ። ኢሉስትሬተር በሦስት ዓመት ይቀድመዋል፤ ለአርማ፣ ለሥዕልና ለጽሑፍ ቅርጽ የተሠራ ነው። ኢንዲዛይን እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣ ሲሆን መጽሐፍ፣ መጽሔትና ብሮሸር ይቀናበርበታል። ከአዶቢ መሥራቾች የአንዱ የጆን ዋርኖክ ባለቤት ማርቫ ዋርኖክ ራሷ ግራፊክስ ዲዛይነር ነበረች፤ የኩባንያውን የመጀመሪያ አርማ የሠራችውም እርሷ ናት።

ከሦስቱ የቱ ይቅደም? ብዙው ሰው በፎቶሾፕ ጀምሮ እዚያው ይቀራል፤ ቢዝነስ ካርዱንም፣ አርማውንም፣ የመጽሐፍ ገጹንም በፎቶሾፕ ይሠራል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሙያ የጀማሪ ስህተቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኸኛው ነው። ምክንያቱ ፒክስል ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለ ምስል የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው፤ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ሲለጠጡ አይባዙም፣ ይሰፋሉ እንጂ። ለጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጠብጣብ ይፈለጋል እንበል። ከፌስቡክ የወረደ 1,200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በዚህ ስሌት ወረቀት ላይ የሚሸፍነው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያንኑ ፎቶ በ3 ሜትር ባነር ላይ ዘርጉት፤ በአንድ ኢንች የሚደርሰው 10 ነጠብጣብ ይሆናል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ 300 ባይደርስም ይቻላል፤ በ10 ግን የባለ ድርጅቱ ፊት እንደ ሞዛይክ ይከፋፈላል። ስለዚህ «ሎጎውን ከቢዝነስ ካርዴ ላይ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሥራው ሎጎውን እንደገና ከመሣል ይጀምራል ማለት ነው።

ኢሉስትሬተር ነጠብጣብ አይቆጥርም። ቅርጹን በነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል በሚሄድ የኩርባ ቀመር ይይዘዋል፤ ስለዚህ እስክሪብቶ ላይም ሆነ በሕንፃ ግንብ ላይ ያው ጥራት ይኖረዋል። ቬክተር የሚባለው ይህ ነው። ኩርባው ቤዚየር የተባለው በሬኖ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ በነበረው በፒየር ቤዚየር ስም ነው፤ መጀመሪያ የተፈለገውም ለመኪና አካል ቅርጽ ነበር። ጀማሪን የሚያስለቅሰው የኢሉስትሬተር መሣያ፣ ፔን ቱል፣ የሚሠራው በዚሁ ነው። እጅ ማፍታቻ የምመክረው አንድ ልምምድ አለ፦ «ቐ»ን፣ «ጨ»ን ወይም «ፏ»ን ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ ስካን አድርጎ፣ ከላዩ በፔን ቱል በተቻለ መጠን በጥቂት ነጥብ መሣል። በ40 ነጥብ የተሣለ ኩርባ ይንቀጠቀጣል፤ በ8 የተሣለው ይፈሳል። ይህን የለመደ እጅ አርማ አያቅተውም።

ስለ ዋጋ ካነሣን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ፕሮግራሞቹን መሸጥ ትቶ ወደ ማከራየት ዞሯል፤ ክፍያው በየወሩ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አብዛኛው ሰው የሚሠራው በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በተከፈተ ፕሮግራም፣ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ገብቶ የደንበኛ ፋይል ሁሉ ተቆልፎበት የቀረም አለ። ሌላ መንገድ መኖሩን ግን ብዙዎች አይነግሯችሁም። ኢንክስኬፕ በኢሉስትሬተር፣ ጊምፕ በፎቶሾፕ፣ ስክራይበስ በኢንዲዛይን ቦታ የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው፤ በሕግም በኪስም አያስጠይቁም። የድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ ገጽታ መሥራት የሚፈልግ ፊግማን ይማር፤ አዶቢ ራሱ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ስምምነቱ የፈረሰበት ነው። ካንቫ ለፈጣን የፌስቡክ ፖስት ይበቃል፤ ሙያውን ግን አያስተምርም፣ ምክንያቱም ውሳኔውን ሁሉ አስቀድሞ ሌላ ሰው ወስኖታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፊደል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ ማለት ይቻላል ለላቲን ፊደል የተሰጠ ነው። እዚያ የተማሩትን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አይሠራም። ላቲን ትልቅና ትንሽ ሆሄ አለው፤ ትንሹ ሆሄ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወደ ታች የሚወርድ እግር ስላለው በመስመሮች መካከል አየር ይፈጥራል። የእኛ ፊደል አብዛኛው ቁመቱ ሙሉ ነው፤ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። የአዶቢ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚሰጡት የመስመር ርቀት የፊደሉ መጠን 120 በመቶ ነው፤ ለአማርኛ ይህ ብዙ ጊዜ ይጠብባል፣ ገጹም የታጨቀ ይመስላል። ትንሽ ከፈት ማድረግ አንባቢውን ያሳርፋል። ጠባብ ዓምድ ላይ ግራና ቀኙን እኩል ለማድረግ መሞከርም ሌላ ጣጣ አለው፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በቃላቱ መካከል ጎድጓዳ ክፍተት ይቀራል። የድሮዎቹ ጸሐፍት ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ሁለት ነጥቡ ቃልን ከቃል ስለሚለይ መስመሩ ባለቀበት ቃሉን ቆርጠው ይቀጥሉ ነበር።

ማድመቅና ማዝመምም እንዲሁ። ፊደላችን የተዘመመ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ፕሮግራሙ በግድ ሲያዘምመው የሚወድቅ ግድግዳ ይመስላል። አጽንዖት ከተፈለገ ደመቅ ያለ ፎንት፣ ወይም የአባቶችን ቀይ ቀለም መጠቀም ይሻላል። ደማቁም ቢሆን በፎንቱ ውስጥ ተለይቶ የተሣለ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ራሱ ጠርዙን አወፍሮ የሚሠራው ሐሰተኛ ድምቀት ምን እንደሚያደርግ ለማየት «ሌ»ንና «ሊ»ን አጠገብ ለአጠገብ ጻፉ። ልዩነታቸው በቀኝ እግራቸው ላይ ያለች ምልክት ናት፤ አንዱ ቀለበት፣ ሌላው ሰረዝ። በ7 ነጥብ (ፖይንት) መጠን፣ በሐሰተኛ ድምቀት፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲታተም ቀለበቷ በቀለም ትሞላለች። ያን ጊዜ አንድ ሺህ ካርድ ላይ የሰውየው ስም ሌላ ሆኖ ይወጣል። ካርዱን የሚከፍለው ደግሞ ዲዛይነሩ ነው።

ፎንት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተከተለ፣ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ሆሄያት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ዛሬም በዚያ የሚሠሩ ማተሚያ ቤቶች አሉ፤ የቆዩ መጻሕፍትን ዳግም ለማሳተም ስትቀበሉ ይገጥማችኋል። ከዩኒኮዶቹ ኖቶ ሳንስና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ፣ ኒያላ ለመጀመር ይበቃሉ፤ ኖቶና አቢሲኒካ በነፃ የሚወርዱ ናቸው። በፊደል አጣጣል ጥበባቸው የሚታወቁት የይገዙ ብስራት ስም የተሰጣቸው ፎንቶችም አሉ። ከዚያ ውጪ ምርጫው ጠባብ ነው፤ በላቲን አሥር ሺዎች ባሉበት ዓለም እኛ ጥቂት ላይ እየተሻማን ነው። ለዚህ ነው በየመንገዱ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው የሚመስለው። በእጁ ፊደል መሣል የሚችል ዲዛይነር እዚህ ገበያ ውስጥ ተፎካካሪው ጥቂት ነው። ኮካ ኮላ ጠርሙስ ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከፎንት ዝርዝር የተመረጠ አይደለም፣ የላቲኑን ጅራትና ኩርባ እንዲከተል ተብሎ የተሣለ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን ይነጥቀን ይሆን የሚል ስጋት አለ። ምስል ፈጣሪዎቹ በእርግጥ የሚያስደንቅ ፎቶ ያወጣሉ። አማርኛ ጻፉ ሲባሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ነው። ይህ ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ ለዛሬው ግን ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ሥራው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ሌላ ፈተና ይጀምራል። ኮምፒውተር ቀለምን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሲደመሩ ነጭ ይሆናሉ። ማተሚያ የሚሠራው በቀለም ነው፤ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ሲደራረቡ ይጨልማሉ። አርጂቢና ሲኤምዋይኬ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ የደበዘዘ ቅጠል የሚሆነው ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ያን ብርሃን የሚተካ ቀለም ስለሌለ ነው። ስለዚህ ለሕትመት የሚሄድን ሥራ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መክፈት ነው። ሁለተኛው ብሊድ ነው፤ ከገጹ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ ካለ በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲሄድ ማድረግ። መቁረጫው ለፀጉር ያህል ከሳተ፣ ብሊድ የሌለው ካርድ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይዞ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከመሄዱ በፊት ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ይለወጥ፤ ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው። ዋናውን ፋይል ግን ለብቻው አስቀሩ፤ የተለወጠ ጽሑፍ አይታረምም፣ ደንበኛም ሁልጊዜ «ስልክ ቁጥሬ ተቀይሯል» ይላል።

ስለ ደንበኛ ካነሣን፣ «ሎጎውን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» የሚለው አይቀርም፤ ከዚህ ሙያ ጋር ተወልዷል። ከመናደድ ይልቅ ለምን እንዳለ መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሎጎው መጠን ሳይሆን ዙሪያውን የወረረው ጽሑፍ ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀብድ ተቀበሉ፤ እርማቱ እስከ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ዋናው ፋይል ለማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ከጉግል የተወሰደ ፎቶ ባለቤት እንዳለውም አትርሱ።

ሥራ ማሳያ የለኝም፣ ደንበኛ ስለሌለኝ፣ የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን የዳቦ ቤት ወይም የፋርማሲ ታፔላ ፎቶ አንሡ። ስሙን በእጃችሁ ሣሉት፤ በኢንክስኬፕ ወደ ቬክተር አዙሩት፤ ካርድ፣ ከረጢትና የዋጋ ዝርዝር ሥሩለት፤ ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አድርጉ። እንዲህ ዓይነት አምስት ሥራ ከአምሳ የተኮረጀ ፖስተር ይበልጣል። አንዱን ደግሞ በራሳችሁ ገንዘብ፣ በወረቀት አሳትሙት፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ሲቆረጥ ካያችሁት በኋላ ብሊድን የሚያስረዳችሁ ሰው አትፈልጉም።