ሆድ ሳይቀደድ ስለሚታጠፍ ጨጓራ

በሐርጌሳ ከተማ ጫት ከአወዳይ በወጃሌ በኩል በመኪና ከገባ በኋላ፥ ብዙ ወንዶች ትራስ ተደግፈው፥ ስኳር የበዛበት ሻይ እየጠጡ እስከ ምሽት ድረስ ይቅማሉ። ጫት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ የሚያዘገይ መሆኑ በምርመራ ታውቋል። እንግዲህ በዚህ ላይ አምሽቶ እራት በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው፥ ሌሊት ደረቱን እንደ እሳት ሲያቃጥለውና ኮምጣጣ ውሃ ወደ ጉሮሮው ሲመለስበት ሊነቃ ይችላል። ይህም ቃር የምንለው ነው።

የምግብ መውረጃው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ከረጢት አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ የሥጋ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይወጣል። መድኃኒት አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የላላውን አፍ አያጠብቅም፤ ስለዚህ ሐኪሞች አፉን ራሱን ለማጥበቅ አሰቡ። በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሊቁን የአልበርት አይንሽታይንን ሆድ ቀደው ያከሙት ዶክተር ሩዶልፍ ኒሰን፥ በ1955 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በምግብ መውረጃው ዙሪያ እንደ መቀነት ጠቀለሉት። ይህ ሥራ ሆድን መቅደድ የሚጠይቅ ነበር፤ ከ1991 ወዲህ ግን በትናንሽ ቀዳዳዎች መሠራት ጀመረ።

አሁን ደግሞ የሆድ ቆዳ ሳይነካ በአፍ በኩል የሚሠራ መሣሪያ ተገኝቷል። ለዚህ መንገድ የጠረገው ዶክተር ባዚል ሂርሾዊትዝ በ1957 በአሜሪካ ያሳዩት፥ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ የመስተዋት ክር መመልከቻ ነው። ከዚያ በፊት፥ በ1868፥ ጀርመናዊው ኩስማውል ቀጥ ያለ ቧንቧ ወደ ጨጓራ ባስገቡ ጊዜ፥ ችሎ የተገኘላቸው ሰው ሰይፍ በመዋጥ የሚተዳደር ትርኢተኛ ነበር!

የማጠፊያው አሠራር እንዲህ ነው። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ መሣሪያው ከመመልከቻው ጋር በአፍ ይገባል፤ የጨጓራውን አናት ስቦ ያጥፈዋል፤ ልብስ ሰፊ ሽንሽኑን በመርፌ ቁልፍ እንደሚይዝም፥ እጥፉን በትናንሽ የፕላስቲክ ማያያዣዎች ያጣብቀዋል። ኢሶፊኤክስ የሚባለውን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 ፈቀደ። ለውፍረትም ጨጓራን ከውስጥ በክር ሰፍቶ የሚያጠብብ መሣሪያ አለ፤ በ2022 በታተመ ምርመራ በዚህ የታከሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 13.6 በመቶ ቀንሰዋል።

ይሁን እንጂ ጨጓራው በድያፍራም ቀዳዳ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ደረት ለወጣበት ሰው ማጠፍ ብቻውን አይበቃውም። እጥፉም ከዓመታት በኋላ ሊላላ ይችላል፤ አልፎ አልፎም መድማትና መበሳት ያስከትላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ባለው የምሥራቅ አፍሪቃ ምድር የምግብ መውረጃ ነቀርሳ የበዛ በሽታ ነው። ምግብ ደረቱ ላይ የሚቆምበት፥ ያለ ምክንያት የሚከሳ፥ ደም የሚያስታውከው ወይም ዐይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰው፥ «ቃር ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባውም። ግመሎቹን ሽጦ ከሐርጌሳ ወደ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ለመታከም የሚነሣ ሰውም፥ ስለ ማጠፊያው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በመመልከቻ ታይቶ፥ ካስፈለገም ከሥጋው ጥቂት ተቆርጦ በአጉሊ መነጽር ይመርመርለት። ምናልባት ሕመሙ በመድኃኒት የሚድን የጨጓራ ቍስል ሊሆን ይችላል፤ ነቀርሳ ከሆነም በከንቱ የሚባክን ቀን የለም።

በእኔ አስተያየት ወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤል የጀመሩት መንገድ ከውድ መሣሪያ ይቀድማል። እኒህ አዋላጅ ነርስ፥ በ1988 በቦምብ በፈረሰችው ሐርጌሳ በ2002 ሆስፒታል ከፍተው፥ አዋላጆችንና ነርሶችን የላቦራቶሪ ሠራተኞችንም አሠልጥነዋል።

አደገኛ ምልክት የሌለበት ቃረኛ ግን በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። እራቱን ከመኝታው 3 ሰዓት አስቀድሞ ይብላ፤ በግራ ጎኑም ይተኛ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይጠቅምም፤ ይልቅስ ከአልጋው በራስጌ በኩል ካሉት እግሮች ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያነሣ እንጨት ወይም ጡብ ያስገባ።