ፒካፕን ዝቅ ማድረግ

ፒካፕን ዝቅ ማድረግ ማለት መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት ይልቅ ወደ መሬት እንዲቀርብ አካሉን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ክፍሎች፣ ማለትም ሞላዎቹን፣ ባሌስትራዎቹንና ተያያዥ ክፍሎችን መለወጥ ነው። ሥራው በይበልጥ የሚታወቀው በአሜሪካ ሲሆን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ በተሠሩ የሼቭሮሌትና የፎርድ ፒካፖች ላይ ይሠራል። በኢትዮጵያ ይህን ሙያ የሚያውቁ ጋራዦች በብዛት የሚጠየቁት ተቃራኒውን ነው፦ መኪናው ብዙ ጭነት እንዲችል ባሌስትራ ጨምሮ ከፍ ማድረግ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብረትና በአንድ ዓይነት ስሌት የሚሠሩ ናቸው። ስሌቱ ከተሳተ በሁለቱም በኩል የሚጎዳው የመኪናው ፍሬንና ሚዛን ነው።

የፒካፕ ቁመት ከየት መጣ

ፒካፕ ባዶውን ሲቆም የኋላው ክፍል ከፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ካሶኒው ሲሞላ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታስቦ ነው። አሜሪካኖች «ግማሽ ቶን» የሚሉት ምድብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሲሆን፣ በጥንቱ ትርጉሙ 1,000 ፓውንድ ወይም 450 ኪሎ ግራም ገደማ የሚጭን ማለት ነበር። ሼቭሮሌት ሲ10 እና ፎርድ ኤፍ-100 ከዚህ ምድብ ናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ የገበሬና የሠራተኛ መኪኖች ነበሩ። መኪናው አርጅቶ ዋጋው ሲወርድና ጭነት መያዙ ሲቀር ግን ቁመቱ ጥቅም አልባ ይሆናል፤ ለመልክና ለመንዳት ምቾት የሚገዛው ወጣት መጀመሪያ የሚነካውም እሱን ነው።

ለዚህ ሥራ ሁሉም ሞዴሎች እኩል አይመቹም። ከ1947 እስከ 1955 የተሠሩት የሼቭሮሌት ፒካፖች ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ፎርድ በ1965 ከፊት ሁለት የተለያዩ ወፍራም ክንዶችንና ሞላ አመጣ። ሲ10 ደግሞ ከ1960 እስከ 1972 ከኋላ በሞላ ይቆም ስለነበር ለአንድ ጭነት መኪና ያልተለመደ ልስላሴ ነበረው። ከ1967 እስከ 1972 የተሠራው ሲ10 በአድናቂዎች ዘንድ በጣም የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሞላን በአጭር ሞላ መተካት ባሌስትራን ከመለወጥ ይቀላል። ከ1973 ጀምሮ የሲ10 የኋላ ክፍል ወደ ባሌስትራ ተመለሰ።

በካሊፎርኒያ

መኪናን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መንዳት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ በሜክሲኮ-አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ የተስፋፋ ልማድ ነው። የግዛቲቱ የተሽከርካሪ ሕግ ከጥር 1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በተከታዩ ዓመት ሮን አጊሬ የተባለ መኪና አስዋቢ ከአውሮፕላን የተወሰዱ የሃይድሮሊክ ፓምፖችን ኮርቬቱ ላይ ገጠመ። መኪናው በማብሪያ ማጥፊያ ከፍ ዝቅ ማለት ስለቻለ ፖሊስ ሲመጣ በሕጉ ቁመት ይቆማል፣ ፖሊስ ሲሄድ ይወርዳል። ዛሬ በትርኢቶች ላይ የሚዘልሉት መኪኖች የዚህ ብልሃት ልጆች ናቸው። ካሊፎርኒያ እገዳውን ያነሳችው ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ነው።

እንዴት ይሠራል

ከፊት ሞላ ያለውን ፒካፕ ዝቅ ለማድረግ በጣም ርካሹ መንገድ ሞላውን መቁረጥ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ጥምዝዞች ብዛት ጋር ተቃራኒ ነው፤ 10 ጥምዝዝ ያለው ሞላ ወደ 8 ቢቆረጥ በ25 በመቶ ይጠነክራል። ስለዚህ የተቆረጠ ሞላ መኪናውን ዝቅ ከማድረጉም በላይ ያደርቀዋል። ከዚህ የከፋው ሞላውን በጋዝ እሳት አግሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ከተደረገ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው፤ እሳቱ ያገኘው ቦታ ያንን ያጣል፣ ከጊዜ በኋላም ይሰነጠቃል ወይም ይበልጥ ይወርዳል። የተሻለው ዘዴ ሞላውን ሳይነኩ ጎማው የሚሽከረከርበትን እንዝርት መለወጥ ነው። በተለወጠው ክፍል ላይ እንዝርቱ ከመጀመሪያው ቦታው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ጎማው ባለበት ቀርቶ አካሉ ይወርዳል። ሞላው የሚለጠጥበትና የሚጨመቅበት ርቀት ግን አይቀንስም።

ከኋላ ባሌስትራ ካለ ሥራው ይከብዳል። ባሌስትራ በመሃሉ በአንድ ፒን የተያዙ ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ጥንካሬው ከቅጠሎቹ ብዛት ጋር እኩል ይጨምራል፤ በአራት ላይ አንድ ቢጨመር 25 በመቶ ይጠነክራል፣ አንድ ቢቀነስ በዚያው ልክ ይዳከማል። ውፍረት ግን በኩብ ይቆጠራል። በ10 በመቶ የወፈረ ቅጠል 33 በመቶ ይጠነክራል፤ ከሌላ መኪና የተገኘን ቅጠል በዓይን ለክቶ መጨመር ያልታሰበ ውጤት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጠል አውጥቶ ዝቅ ማድረግ የመጫን አቅምን ስለሚቀንስ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ባሌስትራውን እንዳለ ትተው የአክስሉን ቦታ ይቀይራሉ። በፋብሪካው አሠራር ከባሌስትራው ሥር የታሰረው አክስል ከባሌስትራው በላይ ሲታሰር መኪናው በአንድ ጊዜ 5 ኢንች (12.7 ሴ.ሜ.) ወይም ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። አክስሉ ወደ ሻንሲው ስለሚጠጋ ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት ይጋጫል። መፍትሔው ከአክስሉ በላይ ያለውን የሻንሲ ክፍል በግማሽ ክብ ቅርጽ ቆርጦ በወፍራም ብረት መልሶ ማጠናከር ነው። ይህ ከብየዳ ሥራዎች ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሳይሆን አይቀርም፤ ሻንሲ የመኪናው የጀርባ አጥንት ነውና ደካማ ብየዳ ወዲያው አይታይም፣ በጭነት ከተደጋገመ በኋላ ግን ይከፈታል። ከሞላና ከባሌስትራ ይልቅ የጎማ አየር ከረጢት የሚገጥሙም አሉ። ኮምፕረሰርና የአየር ታንክ ስለሚኖረው ሾፌሩ ሲቆም ያወርደዋል፣ ሲነዳ ያነሣዋል።

ቁመቱ ከተለወጠ በኋላ የፊት ጎማዎች አቀማመጥ መለካት አለበት። ጎማው ወደ ውስጥ ካዘነበለ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ያልቃል። ሾክ አብዞርበሩም በአጭር መተካት ይኖርበታል። አለበለዚያ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ እየተመታ ይበላሻል።

ሚዛንና ፍሬን

አንድ መኪና በኩርባ ላይ ምን ያህል የጎን ግፊት ችሎ ሳይገለበጥ እንደሚቆይ በግምት ለማወቅ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ለስበት ማዕከሉ ቁመት እጥፍ ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ቁመት 0.7 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.07 ነው። አካሉ 10 ሴ.ሜ. ዝቅ ቢል 1.25 ይሆናል። በዚያው መኪና ላይ እህል ተጭኖ ማዕከሉ 1 ሜትር ቢደርስ 0.75 ይሆናል፤ ባሌስትራ ተጨምሮ 10 ሴ.ሜ. ከፍ ቢደረግ ደግሞ 0.68። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል።

የፍሬኑ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ ብዙ ፒካፖች ላይ ከሻንሲው ሥር ጭነት የሚለካ የፍሬን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው። ጭነት ሲበዛ አካሉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። መኪናው ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማዎች በቀላሉ ስለሚቆልፉ ግፊቱን ይቀንሳል። ቫልቩ ክብደትን በቀጥታ አይለካም፤ የሚያውቀው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝቅ የተደረገ ፒካፕ ለቫልቩ ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው፤ ባዶውን በእርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹ ይቆልፉና መኪናው ይዞራል። ባሌስትራ የተጨመረበት ፒካፕ በተቃራኒው ጭነት ቢሞላም ለቫልቩ ባዶ ይመስለዋል። የኋላው ፍሬን የሚገባውን ያህል አይዝም፣ ሥራው ሁሉ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፣ በረጅም ቁልቁለትም ይግላሉ። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፦ የቫልቩን ማሰሪያ ወይም የዘንጉን ርዝመት በተለወጠው ቁመት ልክ መቀየርና ግፊቱን መለካት ነው። ጥንታውያኑ ሲ10ዎች ይህ ቫልቭ ስለሌላቸው በአሜሪካ የተጻፉ የአሠራር መመሪያዎች ሁልጊዜ አያነሡትም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሼቭሮሌት ለፒካፖቹ የፊት ዲስክ ፍሬን መደበኛ ያደረገው በ1971 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተሠሩት በአራቱም ጎማ ላይ ያላቸው የከበሮ ፍሬን ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታየው ፒካፕ በአብዛኛው ጃፓን ሠራሽ ነው። ፒካፕን ለሌላ አገልግሎት መለወጥ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ «ውይይት» ይባሉ የነበሩት ታክሲዎች ካሶኒያቸው ላይ ጣሪያና ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች የተገጠሙላቸው ፒካፖች ነበሩ። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ ስሙ ከዚያ መጣ፤ በኋላም በሚኒባሶች ተተኩ። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ላሜራ የሚሠራው አውቶቡስ ደግሞ «ቅጥቅጥ» ይባላል። ለመልክ ብቻ ሲባል አሮጌ መኪና ቀለም ቀይሮ፣ ወንበር አድሶና ቸርኬ ለውጦ የማስዋብ ፍቅር በአዲስ አበባ በይበልጥ የሚታየው በቮልስዋገን ላይ ነው።

የሙያው ቋንቋም ታሪክ አለው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቸርኬ፣ ካሶኒ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ በካሊፎርኒያ የሚሠራውን ሥራ ለኢትዮጵያዊ መካኒክ ለማስረዳት አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ቁመት የሚጨመርበት ምክንያት በምሥራቅ ጎጃም በግልጽ ይታያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይደርሳል። አካባቢው ጤፍ አብቃይ ነው። ከሞጣ ዙሪያ እህል የሚያወጣ መኪና ከዋናው መንገድ ሲወጣ ጠጠርና ጭቃ ይጠብቀዋል፣ በተለይ በክረምት። በዚህ ላይ ሻንሲው 12 ሴ.ሜ. የወረደ ፒካፕ ብዙ አይሄድም፤ ባሌስትራ የሚያስጨምረው ባለንብረት ምክንያት አለው። ያው መኪና አዲስ አበባ ለመድረስ ግን የዓባይን በረሃ ቁልቁለት እንደተጫነ ይወርዳል፤ ከላይ የተነገረው የፍሬን ቫልቭ ሳይስተካከል ቀርቶ ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው እዚያ ነው። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር እየያዙ መውረድ የፍሬኑን ሙቀት ይቀንሰዋል፣ የቫልቩን ስህተት ግን አያርመውም።

ሞጣና ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ አንድ አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕ እዚያ ቢደርስ ሞተሩም መስተካከል ይኖርበታል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ ያህል ያንሳል። ለካሊፎርኒያ የተለካ ካርቡሬተር ለዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት ያጣል።

ሕግና ዋጋ

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር ሻንሲን የሚቆርጥ ሥራ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ መንካት የለበትም። አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕን ወደ አገር ማስገባት ይበልጥ ከባድ ሆኗል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ።

ከመኪና የወጣ ባሌስትራ በገጠር አይጣልም። ብረቱ ካርቦን የበዛበትና ጥሩ ጥንካሬ የሚይዝ በመሆኑ ቀጥቃጮች ይገዙታል፤ በምድጃ አግለው ማጭድ፣ ቢላዋና የማረሻ ጫፍ ያወጡበታል።