የኮንሶ እርከን፦ አፈርን የማቆየት ጥበብ

እርከን ማለት ተዳፋት መሬትን ከላይ እስከ ታች በደረጃ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በድንጋይ ወይም በአፈር ክትር በመደገፍ፣ የሚወርደው ውሃ እንዲዘገይና አፈሩ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርግ የእርሻ አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች እርከን በልዩ ልዩ መልክ ቢሠራም፣ በስፋቱ፣ በጥንካሬውና ሳይቋረጥ በመቆየቱ በይበልጥ የሚታወቀው የኮንሶ ሕዝብ እርከን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ እርከኑንና በካብ የታጠሩትን መንደሮች 21 ትውልድ ወይም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ባህል ምስክሮች አድርጎ ነው።

የኮንሶ ኮረብታዎች ከጫሞ ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በቆላማ ሸለቆዎች ተከበው ይገኛሉ። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዋናው በበልግ ወራት፣ አነስተኛው ደግሞ ከመስከረም በኋላ የሚጥል ሲሆን፣ ችግሩ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሳይታሰብ ይቀራል፣ ሲመጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይል ይወርዳል። ዳገታማ በሆነና ድንጋይ በበዛበት መሬት ላይ እንዲህ ያለው ዝናብ ወደ አፈር ሳይሰርግ በላዩ ይሮጣል፤ ስለዚህ የኮንሶ ገበሬ በአንድ ወቅት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ጠላቶች አሉበት፤ ድርቅና ጎርፍ።

የእርከኑን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ የአፈርን ምንነት ማየት ያስፈልጋል። አፈር ከድንጋይ መፈራረስ የተገኘ ደቃቅ ቅንጣት፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ቅሪት የሚገኝ ብስባሽ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ባሉ ክፍተቶች ውስጥ የሚኖር አየርና ውሃ፣ እንዲሁም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ተቀላቅለው የሚሠሩት ሕያው አካል ነው። ከእነዚህ መካከል ብስባሹ በመጠን አነስተኛ ሆኖ ሳለ ከፍተኛ ሥራ ይሠራል፤ ቅንጣቶቹን እያያያዘ አፈሩን ወደ ፍርፋሪነት ይለውጠዋል፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፣ ለተሕዋስያኑ ምግብ ይሆናል፣ ሲበሰብስም ንጥረ ነገሮችን ለሰብሉ ይለቃል። ብስባሹም ሆነ ተሕዋስያኑ በብዛት የሚገኙት በላይኛው የአፈር ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ ጎርፍ መጀመሪያ የሚያጥበው የአፈሩን ሀብት ነው። ዕራቁቱን በቀረ መሬት ላይ የሚያርፍ የዝናብ ጠብታ ፍርፋሪውን ይበታትናል፤ የተበተነው ደቃቅ አፈር ክፍተቶቹን ይደፍንና ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ውሃ ስለማያስገባ ጎርፉ ይበረታል፤ የበረታው ጎርፍ ደግሞ ተጨማሪ አፈር ይዞ ይሄዳል። ውሃው በተዳፋቱ ላይ ሳይገታ በሮጠ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አፈር የመሸከም ኃይሉም አብሮ ያድጋል። እርከን ይህን የጥፋት ሰንሰለት የሚበጥሰው ረጅሙን ተዳፋት ወደ ብዙ አጫጭር ደረጃዎች በመለወጥ፣ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ እንዲቆም በማድረግ ነው።

የካቡ አሠራር

የኮንሶ እርከን የሚደገፈው በደረቅ ካብ፣ ማለትም ጭቃም ሆነ ሌላ ማያያዣ ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ በሚሠራ ግድግዳ ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከእርሻው የሚለቀም በመሆኑ ሥራው ሁለት ጥቅም አለው፤ በአንድ በኩል መሬቱ ለቁፋሮ ይጸዳል፣ በሌላ በኩል ግድግዳው ይቆማል። የካቡ መሥመር የኮረብታውን ወገብ ተከትሎ፣ ከፍታውን ሳይለቅ እንደ መቀነት ይዞራል፤ መሥመሩ ከፍና ዝቅ ካለ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተሰብስቦ ካቡን ስለሚጥሰው፣ የሥራው ትክክለኛነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው በዚህ ነው።

ለመሠረቱ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈርና ትላልቆቹ ድንጋዮች ከታች ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መገናኛ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ይህም ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር እንዳይወርድና ካቡ እንዳይከፈል ያደርገዋል። ግድግዳው በትንሹ ወደ ኮረብታው ያዘነብላል፣ ከጀርባውም ጥቃቅን ድንጋይ ይሞላበታል። ማያያዣ አለመኖሩ ጉድለት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም የካቡ ብርታት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በዝናብ የረሰረሰ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ እጅግ ይከብዳል፣ በውስጡ የታጎረው ውሃም ግድግዳውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ደረቅ ካብ በድንጋዮቹ መካከል ትርፉን ውሃ እያጣራ ስለሚያሳልፍ ግፊቱ ይቀንስለታል፤ አፈሩ ሲቀር ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። በኃይል ለሚመጣ ዝናብ ደግሞ መተንፈሻ ማፋሰሻ ይተውለታል። ካቡ ቁመቱ እንደ መሬቱ ቁልቁለት የሚለያይ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል።

ከካቡ በስተጀርባ

ካቡ አፈሩን ቢይዝም፣ አፈሩን ለም አድርጎ የማቆየቱ ሥራ የሚሠራው ከካቡ በስተጀርባ ባለው ጠባብ ማሳ ላይ ነው። ገበሬው የማሽላና የበቆሎ አገዳን ማሳው ላይ አጋድሞና አፈር አልብሶ ዝቅተኛ ክትሮችን ይሠራል፤ ክትሮቹ ሲገናኙ ማሳው እንደ ገበታ በትናንሽ ገንዳዎች ይከፋፈላል። የወረደው ዝናብ በእያንዳንዱ ገንዳ ውስጥ ቆሞ በወደቀበት ቦታ ይሰርጋል፤ አገዳውም በጊዜ ብዛት በስብሶ ወደ አፈርነት ይለወጣል። በዚህ መንገድ ውሃ ለማቆም የተጋደመው አገዳ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ ይሆናል ማለት ነው። ማሳዎቹ ጠባብ በመሆናቸው በሬ ጠምዶ ማዞር የማይመች ስለሆነ፣ በተዳፋቱ ላይ ሥራው የሚከናወነው በእጅ መቆፈሪያ ነው።

ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በአብዛኛው በግቢ ውስጥ ታስረው መኖ የሚቀርብላቸው በመሆኑ፣ እንደ ልባቸው እየዞሩ ካቡን አያፈርሱም፣ ቡቃያውንም አይበሉም፤ ከዚህም በላይ ፍጋቸው በአንድ ቦታ ይጠራቀማል። ፍጉ ከአመድና ከቤት ጥራጊ ጋር ተቀላቅሎ በሰው ጀርባ ወደ እርሻው ይወሰዳል። ሸክሙ ከባድ በመሆኑ ለመንደሩ የቀረበው ማሳ ከራቀው ይበልጥ ፍግ ያገኛል፤ የአፈሩ ለምነትም እንደ ርቀቱ ይለያያል። መርሑ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ሰብሉ ከአፈር የወሰደው በእንስሳቱ ሆድ አልፎ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

ከገንዳውና ከፍጉ ቀጥሎ ሦስተኛው ዘዴ ሰብልን አሰባጥሮ መዝራት ነው። ዋናው እህል ማሽላ ሲሆን፣ ድርቅን ከመቋቋሙ በተጨማሪ ከታጨደ በኋላ ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ በሁለተኛው ዝናብ ምርት የመስጠት ችሎታ አለው። ከማሽላው ጋር በቆሎ፣ የርግብ አተር፣ ቦሎቄ፣ ጥጥ፣ በአንዳንድ ቦታም ቡና በአንድ እርከን ላይ ይገኛሉ። የርግብ አተርን የመሰሉ ጥራጥሬዎች በሥራቸው እባጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሏቸው፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአየሩ 78 በመቶ የሚሆነውን ናይትሮጅን የተባለ ጋዝ ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡታል። የሰብሎቹ ሥር ጥልቀት መለያየትም ሌላ ጥቅም አለው፤ አንዱ የላዩን ውሃ ሲወስድ ሌላው ከታች ይስባል፣ ዝናብ አጥሮ አንዱ ቢከሽፍም ሌላው ቤቱን ከባዶ እጅ ያድናል።

በሰብሉ መካከል ከሚቆሙት ዛፎች ዋነኛው ሽፈራው ነው። ሽፈራው በደረቅ ወራት እንኳ ቅጠሉ የሚበላ ዛፍ ሲሆን፣ የኮንሶ የዕለት ምግብ የሆነው ኩርኩፋ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከዚሁ ቅጠል ጋር በመቀቀል ይዘጋጃል። የዛፉ ጥላ የአፈሩን ግለት ይቀንሳል፣ የሚረግፈው ቅጠል መሬቱን ያለብሳል፣ ሥሩም ከካቡ ጋር ተባብሮ አፈሩን ያስራል። ስለዚህ አንዱ ዛፍ በአንድ ጊዜ ጓሮም፣ ጥላም፣ ችካልም ሆኖ ያገለግላል።

ከዘመናዊው አስተሳሰብ ጋር

በአሜሪካ ሮበርት ሮዴል የተባለው የግብርና ጸሐፊና አሳታሚ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አንድ ጽንሰ ሐሳብ ዛሬ በመላው ዓለም ይነገራል። በአማርኛ «መልሶ የሚያለማ ግብርና» ሊባል የሚችለው ይህ ሐሳብ፣ እርሻ አፈሩን ባለበት ከማቆየት አልፎ ከዓመት ዓመት እያሻሻለው መሄድ አለበት ይላል። መርሖቹ በአጭሩ መሬትን ሳይሸፈን አለመተው፣ የአፈርን መገለባበጥ መቀነስ፣ ሰብልን ማሰባጠር፣ በተቻለ መጠን ዓመቱን ሙሉ ሕያው ሥር በአፈር ውስጥ ማኖርና እንስሳትን ከእርሻው ጋር ማቀናጀት ናቸው።

የኮንሶ አሠራር በእነዚህ መርሖች ሲመዘን በአብዛኛው ቢገጥምም በሁሉም አይገጥምም። ማሰባጠሩ፣ የዛፎቹ ዘላቂ ሥርና የእንስሳቱ ፍግ በግልጽ የሚታዩ ሲሆኑ፣ ማሳው ግን በየጊዜው ይቆፈራል፤ አገዳውም ለአፈሩ ብቻ የሚተው ሳይሆን ከብቱ ለመኖ፣ ምድጃውም ለማገዶ ይሻማዋል። በሌላ በኩል የኮንሶ ገበሬ ከዘመናዊው ዝርዝር ውስጥ የሌለ አንድ መርሕ ይዟል፤ እርሱም አፈር እንዲሻሻል በመጀመሪያ መቆሚያ ሊኖረው ይገባል የሚለው ነው። በቁልቁለት መሬት ላይ ካብ ሳይኖር የፈሰሰ ፍግ ከጎርፉ ጋር ወንዝ ይገባል።

የካቡ ባለቤት

ካብ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ መፍረስ ይጀምራል። ከባድ ዝናብ ያሳብጠዋል፣ ሥር ይሰነጥቀዋል፣ የሰውና የከብት እግር ጫፉን ያረግፈዋል፤ አንድ ድንጋይ ሲወድቅ በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃ ጎረቤቱን ይጥላል፣ ከላይ የፈረሰው ካብም በታችኛው ሰው ማሳ ላይ ይወርዳል። በመሆኑም የአንዱ ቸልተኝነት የብዙዎች ጉዳት ነው፤ እርከኑን ያቆየውም ይህን ጉዳይ በጋራ የሚይዝ ማኅበራዊ ሥርዓት መኖሩ ነው። የኮንሶ መንደሮች በኮረብታ ራስ ላይ ተቀራርበው የተሠሩ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ ካብ የታጠሩ ናቸው። በውስጣቸው ሞራ የሚባሉ የጋራ አደባባዮች አሉ፤ ወጣቶች በዚያ ያድራሉ፣ ሽማግሌዎች በዚያ ይመክራሉ። ትውልድ ከትውልድ ሥልጣን ሲረከብ ድንጋይ በሥርዓት ይተከላል፤ ሐርዳ የሚባሉት የውሃ ኩሬዎች በጋራ ተቆፍረው በጋራ ይጠረጋሉ፤ የጎሳ መሪዎች የሚቀበሩባቸው ጥብቅ ደኖችም በልማድ ሕግ ከመቆረጥ ይጠበቃሉ። ለካብ፣ ለቁፋሮና ለአጨዳ የሚጠራው የሥራ ማኅበር፣ በሌላው የአገራችን ክፍል ደቦ እንደሚባለው ሁሉ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣውን ሥራ በምግብና በማሽላ ጠላ ተጋግዞ ይፈጽመዋል። ተመራማሪ ኤልዛቤት ዋትሰን በእ.ኤ.አ. 2009 ስለ ኮንሶ ያሳተሙት መጽሐፍ እርከኖቹን «ሕያው» ብሎ በርዕሱ የሰየማቸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ድንጋዩን የያዘው የሰዎቹ ግንኙነት ነውና።

የዚህን ነጥብ ክብደት የአገሪቱ የኋላ ታሪክ ያሳያል። በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ፣ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ሥራው ግን የታቀደው ከላይ በመሆኑ፣ ገበሬው ክፍያውን እንጂ ካቡን የራሱ አላደረገውም፤ በብዙ ቦታ እህሉ ሲቋረጥ ጥገናው ተቋረጠ፣ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅትም ከፊሉ በባለ መሬቶቹ እጅ ፈረሰ። ድንጋይም ተዳፋትም በዚያም ነበረ፤ የተለየው ካቡ በወደቀ ማግስት የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነ ነው።

ይህ ሲባል ኮንሶ ከችግር ነፃ ነው ማለት አይደለም። ዝናብ ጨርሶ ሲቀር እርከን የሚይዘው ውሃ አይኖረውም፤ አካባቢው በተደጋጋሚ ድርቅ ተመትቶ የምግብ እርዳታ ያስፈለገበት ጊዜ ብዙ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲያድግ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ይጠባል፣ ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ሲወጣም ድንጋይ የሚያነሣው ክንድ ይቀንሳል። እርከኑ የቆመው በብዙ ጉልበት ስለሆነ ከድርቁ ባላነሰ የሚያሰጋው የጉልበት መሳሳት ነው።

የአንድ የኮንሶ ካብ ዕድሜ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። መሠረቱ የጥንት ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ በአያት ዘመን ወድቆ የተነሣ፣ ጫፉ ደግሞ ባለፈው በልግ የተመለሰ ድንጋይ ይሆናል። ከጀርባው ያለው አፈርም እንዲሁ በየዓመቱ በተሸከሙት ፍግ፣ በበሰበሰው አገዳና በረገፈው ቅጠል የተሠራ ነው። 21 ትውልድ የሚለው ቁጥር እንግዲህ የድንጋዩን ዕድሜ አይናገርም፤ የሚናገረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ ማሳው ወጥቶ የወደቀውን የመለሰ ሰው ሳይጠፋ የቆየበትን ዘመን ነው።