የእጅ ውኃ ፓምፕ ብልሽትን በመረጃ ስለ መከታተል

በገጠር ትምህርት ቤት አጠገብ የተተከለ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ጉዳቱ ውሎ ሳያድር በመምህሩ የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ይታያል። ውኃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች በመሆናቸው፣ መንገዱ ሲርቅ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትም እነርሱ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ፓምፑ መቼና ለምን እንደ ቆመ ማወቅ የውኃ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2014 በሩዋንዳ የተካሄደው ጥናት ተጠቃሽ ነው። በ181 የእጅ ፓምፖች ላይ አጠቃቀማቸውን እየመዘገቡ በሞባይል ስልክ መረብ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች ተገጠሙ። በተለመደው አሠራር በቀጠለው ምድብ የጥገናው ጊዜ ሚዲያን 152 ቀን ያህል፣ የተሻሻለ የጥገና አገልግሎት በተሰጠው ምድብ 57 ቀን ያህል ነበር። መረጃው እንደ ደረሰ ጠጋኝ በሚላክበት ምድብ ግን ወደ 21 ቀን ያህል ወርዷል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ መሣሪያው በሦስቱም ምድቦች ተገጥሞ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው መረጃውን ተቀብሎ የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ መኖሩ ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በሌለበትስ? በአገራችን በብዙ ስፍራ የሚገኘው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የሕመሙን ምልክት በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ተማሪዎች በየጠዋቱ ሁለት ነገር ይቁጠሩ፤ የመጀመሪያው ውኃ እስኪፈስ እጀታው ስንት ጊዜ ወርዶ እንደ ወጣ፣ ቀጥሎም 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ከሳምንት ወደ ሳምንት ከጨመረ፣ ውኃው ሌሊቱን ወደ ታች እየሸሸ ነውና ከሥር ያለው ቫልቭ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ከጨመረ የፒስተኑ ጎማ ሳያልቅ አልቀረም። ደኅና ሲወርድ የቆየው ውኃ ተቆራርጦ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን ችግሩ የጉድጓዱ እንጂ የፓምፑ ላይሆን ይችላል፤ ይህ ካልተለየ ፓምፑ በከንቱ ይፈታል።

እጀታውን ሙሉ በሙሉ የማያወርድ ልጅ ቁጥሩን ስለሚያበዛው፣ ቢቻል በየቀኑ አንድ ተማሪ ቢመደብ ይመረጣል። ውጤቱ በግራፍ ወረቀት ሲሰፍር ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ በፈጠራ ቁጥር ከተሞላ መልመጃ የተሻለ ትምህርት ይሆናል። ደብተሩ ግን በመምህሩ መሳቢያ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ በየሳምንቱ ዓርብ ለውኃ ኮሚቴው መቅረብ አለበት፤ የመለዋወጫ ጎማውም ፓምፑ ሳይቆም አስቀድሞ መገዛት ይኖርበታል።