የካውንስል መንደሮች፦ የሰፈር ደህንነትና የተከራይ ድምፅ በብሪታንያ

የካውንስል ቤት የሚባለው በብሪታንያ የአካባቢው ምክር ቤት ባለቤት ሆኖ ከገበያ ባነሰ ኪራይ የሚያከራየው ቤት ነው። የሚሰጠው በተራና በችግር መጠን ሲሆን፣ ኪራዩን እየከፈለ ውሉን ያከበረ ተከራይ ባብዛኛው ዕድሜውን ሊኖርበት ይችላል። ከቀደምቶቹ አንዱ በምሥራቅ ለንደን አንድ የተጎሳቆለ ሰፈር ፈርሶ የተሠራው ባውንደሪ ኢስቴት ነው፤ የተመረቀውም በ1900 ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1919 የወጣው የቤቶች ሕግ ግንባታውን በመንግሥት ድጎማ አስፋፋው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይም በ1960ዎቹ፣ የኮንክሪት ፎቆች በየከተማው ተደረደሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአገሪቱ ቤተሰቦች ሲሶ ያህሉ የካውንስል ተከራይ ነበሩ።

ብዙዎቹ መንደሮች ግን ሳይቆዩ መጎሳቆል ጀመሩ። አንዱ ምክንያት አስተዳደሩ ከነዋሪው መራቁ ነው። ኪራይ የሚሰበስበው ክፍል፣ ጥገና የሚያዘው ክፍልና ቤት የሚደለድለው ክፍል ለየብቻ ሆነው መሀል ከተማ ተቀምጠው ነበር። ሊፍት ሲቆም ወይም የደረጃ መብራት ሲጠፋ አቤት የሚባልበት ሰው በአቅራቢያው አይገኝም ነበር። ሳይጠገን የቆየ ቤት ተከራይ ያጣል፤ መስኮቱ የተሰበረ ባዶ ቤትም ለሌባና ለአደንዛዥ ዕፅ ሻጭ መሸሸጊያ ይሆናል። ይህን የፈራ ጎረቤት አቅም ካለው ለቆ ሲሄድ ሌላ ባዶ ቤት ይጨመራል። በ1980 ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ የመግዛት መብት ሲያገኙ የተሻሉት ቤቶች ቀድመው ተሸጡ፤ በካውንስሎች እጅ የቀሩት በአመዛኙ አስቸጋሪዎቹ ፎቆችና ይበልጥ የተቸገሩት ነዋሪዎች ሆኑ።

የመጀመሪያው ሰፊ የማሻሻያ ሙከራ በ1979 በመንግሥት ድጋፍ የተጀመረው ቅድሚያ የሚሰጣቸው መንደሮች ፕሮጀክት ነው። ከመሪዎቹ አንዷ ኋላ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆኑት አን ፓወር ነበሩ። የፕሮጀክቱ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ አስተዳደሩ ወደ መንደሩ ይምጣ የሚል ነው። እዚያው አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ የጥገና ሠራተኞች በዚያ ይመደባሉ፤ ደረጃና ግቢ የሚያጸዳና የሚጠብቅ ቋሚ ሰው ይቀጠራል፤ ባዶ ቤት ቶሎ ታድሶ ይከራያል። ገንዘቡ በምን ላይ ይቀድም በሚለውም ተከራዮች ይመክራሉ።

በዚያው ዘመን ሌላ ወገን ጥፋቱን በሕንፃው ቅርጽ ላይ አሳበበ። አሜሪካዊው አርክቴክት ኦስካር ኒውማን በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነዋሪ የእኔ ነው የማይለው መተላለፊያ ወንጀልን ይጋብዛል ብለው ነበር። የጂኦግራፊ ምሁሯ አሊስ ኮልማን በ1985 ይህን ሐሳብ ወደ ብሪታንያ መንደሮች አምጥተው፣ ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኙ የአየር ላይ መተላለፊያዎች እንዲፈርሱና በአንድ በር የሚገቡ ቤተሰቦች ቁጥር እንዲያንስ መከሩ። ተቺዎቻቸው ድህነትንና ደካማ አስተዳደርን ችላ ብለዋል ሲሉ ከሰሷቸው። ይሁንና በብዙ መንደሮች መተላለፊያዎቹ ፈርሰዋል፤ መግቢያዎችም በጥሪ ደወልና በጥበቃ እንዲከፈቱ ተደርጓል።

በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ የሚገኘው የኪርክሆልት መንደር የተለየ መንገድ ያሳያል። ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች ያሉት ይህ መንደር በ1980ዎቹ አጋማሽ በቤት ሰበራ ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። ፖሊስ፣ ካውንስሉ፣ የጥፋተኞች ክትትል መሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተባብረው መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቁ። የተሰረቁትን፣ ጎረቤቶቻቸውንና ሰባሪዎቹን ራሳቸውን አነጋገሩ። ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። የመጀመሪያው፣ በብዙ ቤቶች ጋዝና መብራት የሚሠራው ሳንቲም በሚጎርስ ቆጣሪ ነበር፤ ሌባ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መውጣት ሳያስፈልገው የቆጣሪውን ሳጥን ሰብሮ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ ቤት ዳግም የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

መፍትሔውም ከዚሁ ግኝት ተቀዳ። የተሰረቀው ሰው ቆጣሪ ተነሥቶ ሳንቲም በማያስፈልገው ተተካ፤ ሌባው የገባበት በር ወይም መስኮት ተጠናከረ። በአካባቢው ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶችም ያንን ቤት በዓይነ ቁራኛ እንዲጠብቁና ያዩትን እንዲያሳውቁ ተጠየቁ። ጥበቃው መንደሩን በሙሉ ለማዳረስ ከመሞከር ይልቅ አደጋ ከደረሰበት ቤት ተነሥቶ ጥቂት ቤተሰቦችን የሚያስተሳስር ነበር። ቀጥሎ በመጣው ምዕራፍ፣ ብዙ ሰባሪዎች ዕዳ የተጫናቸው ሥራ አጦች መሆናቸው ስለታወቀ፣ በመንደሩ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቋቋመ። በሦስት ዓመት ገደማ የቤት ሰበራው በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ኪርክሆልት ከዚያ ወዲህ ለወንጀል መከላከል ጥናት ዋና ምሳሌ ሆኗል።

በሰሜን ለንደን ቶተንሃም የሚገኘው ብሮድወተር ፋርም ታሪኩ ከዚህ ይወሳሰባል። አንድ ሺህ ገደማ ቤቶች ያሉት ይህ መንደር ከ1967 ጀምሮ የተሠራው በጎርፍ ስጋት ምክንያት በምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ ከሥር ጨለማ የመኪና ማቆሚያ፣ ከላይ ደግሞ ረጃጅም መተላለፊያዎች ነበሩት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶሊ ኪፊን የተባሉ ነዋሪ የወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ለወጣቶች ሥራ ፈጠረ፤ ለአረጋውያንም ምግብ አቀረበ። ካውንስሉም በመንደሩ ቢሮ ከፈተ። ኑሮው እየተሻሻለ ሳለ ፖሊስና ጥቁር ወጣቶች ግን እንደተጋጩ ነበሩ። በጥቅምት 1985 ሲንቲያ ጃሬት የተባሉ እናት ፖሊስ ቤታቸውን ሲፈትሽ ወድቀው ሞቱ፤ በማግስቱ በመንደሩ በተነሣው ሁከት ኪት ብሌክሎክ የተባለ ፖሊስ ተገደለ። ከዚያ በኋላ መተላለፊያዎቹ ፈረሱ፤ በየሕንፃው መግቢያም ተሠራ። የመንደሩ ታሪክ እንደሚያሳየው የተከራይ ማኅበርና ጥሩ አስተዳደር ብዙ ያሻሽላሉ፤ ጥበቃ የሚሰጠው አካል በነዋሪው ካልታመነ ግን ሰላሙ አይጸናም።

የተከራዮች ተሳትፎ በሕግም ደረጃ በደረጃ ተደንግጓል። የ1980ው ሕግ ካውንስሎች አስተዳደሩን በእጅጉ ከመለወጣቸው በፊት ተከራዮችን እንዲያማክሩ አስገደደ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ተከራዮች ራሳቸው መንደራቸውን የማስተዳደር መብት አገኙ። ይህን የሚፈልጉ ተከራዮች ማኅበር መሥርተው ለካውንስሉ ያሳውቃሉ፤ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከዚያም ጉዳዩ ለነዋሪው ድምፅ ይቀርባል። ካለፈ ካውንስሉ የቤቶቹ ባለቤት እንደሆነ ይቀጥላል፤ ማኅበሩ ግን በሚከፈለው በጀት የጥገናውን፣ የጽዳቱንና የኪራይ አሰባሰቡን ሥራ ይረከባል። በለንደን ከ2018 ወዲህ፣ በከንቲባው ገንዘብ የሚታገዝ ትልቅ ግንባታ ነባር ቤቶችን የሚያፈርስ ከሆነ አስቀድሞ የነዋሪዎች ድምፅ ያስፈልገዋል። በብሮድወተር ፋርምም በ2022 ነዋሪዎች በዚህ መንገድ የመልሶ ግንባታውን ዕቅድ አጽድቀዋል።

የተሳትፎው ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ያሳየው በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ግሬንፌል ታወር ነው። ሕንፃውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት በስሙ የተከራዮች አስተዳደር ይባል እንጂ የክፍለ ከተማውን የካውንስል ቤቶች ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉትን ሁሉ የያዘ ትልቅ ተቋም ነበር። የነዋሪዎች ቡድን በ2016 ስለ እሳት አደጋ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ የተነሣው እሳት ሕንፃው ቀደም ሲል ሲታደስ የተለጠፈውን ተቀጣጣይ የግድግዳ ሽፋን ይዞ ወጣ፤ 72 ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይገኙበታል። በ2024 የወጣው የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት ሞቱ ሁሉ ሊቀር ይችል እንደነበር ደምድሟል።

ከዚያ እሳት የተወለደው የ2023 ሕግ በእንግሊዝ የአከራዮችን ተቆጣጣሪ ሥልጣን አጠንክሯል። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ተቆጣጣሪው አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሏቸውን አከራዮች በአራት ዓመት ዙር ይመረምራል። እነዚህ አከራዮችም በየዓመቱ የተከራዮቻቸውን እርካታ ለክተው ያሳትማሉ። ጥያቄዎቹም ቤቱ ለኑሮ አስጊ አለመሆኑን፣ ጥገና በጊዜው መሠራቱን፣ በሰፈሩ ለሚፈጠር ረብሻ ምን እንደሚደረግ፣ አከራዩም ተከራዮቹን ሰምቶ እርምጃ መውሰዱን የሚመለከቱ ናቸው።