የተሸፈነው ስም የት ሄደ?

ከሚሴ ላይ አንድ መንገደኛ «ወደ ሮቢት እሄዳለሁ» ቢል፣ ሰሚው አስቀድሞ ጨፋ ሮቢትን ሊያስብ ይችላል። በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን በዚህ ሳቢያ ከቦታዋ አትጠፋም፤ በቅርቧ ሮቢት ተሸፈነች እንጂ። በኮምፒዩተር ቋንቋም ይኸው ይደርሳል።

ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን ከተጠቃሚው ጋር መስመር በመስመር የሚነጋገር ቋንቋ ነው። ቁጥሮችን የሚደምረው «ሰም» የተባለው ፈንክሽንም አብሮት ይመጣል። አንድ ተማሪ የሦስት ቀን ዝናብ፣ ለምሳሌ 12፣ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር፣ ደምሮ ያገኘውን 30 ራሱን «ሰም» ብሎ ቢሰይመው፣ ቀጣዩን ዝርዝር ሊደምር ሲሞክር ቁጥር እንደ ፈንክሽን ሊጠራ እንደማይችል የሚገልጽ የስህተት መልእክት ይገጥመዋል።

ፓይተን አንድን ስም ሲፈልግ በመጀመሪያ በሥራ ላይ ባለው ፈንክሽን ውስጥ፣ ቀጥሎ ያንን በሚያቅፉት ፈንክሽኖች፣ ከዚያም ተጠቃሚው በከፈተው ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ በመጨረሻ ከቋንቋው ጋር በመጡት ስሞች ዘንድ ይመለከታል። መጀመሪያ ባገኘው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዋናው «ሰም» አልጠፋም፤ ከኋላ ተሸፍኗል።

መፍትሔውም ቀላል ነው። «ደል» በተባለው የመሰረዣ ትእዛዝ «ሰም»ን ብንሰርዝ የሚጠፋው የተማሪው 30 ብቻ ነው፤ ዋናው ይገለጣል። ሁለቱንም ማቆየት ካሻን «ቢልቲንስ» ከተባለው ሞጁል ዋናውን መጥራት እንችላለን። የዚህ ሞጁል ይዘት ራሱ ከተለወጠ ግን ቀላሉ መንገድ ውጤቶቻችንን በፋይል አስቀምጠን ፓይተንን ዘግቶ መክፈት ነው።

ስህተቱ ሲጮኽስ መልካም ነው፤ የሚያሰጋው ዝም ሲል ነው። ከ0 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮችና ተጨማሪ -1 ለፓይተኑ «ሰም» ብንሰጠው ድምሩን ከ-1 ጀምሮ 9 ይላል። ነምፓይ ከተባለው የስሌት ቤተ መጻሕፍት የመጣው «ሰም» ግን -1ን የመደመሪያ አቅጣጫ አድርጎ ወስዶ 10 ይመልሳል። አንዱ ሌላውን ቢሸፍን የስህተት መልእክት አይኖርም፤ የተለወጠው ውጤት ብቻ ይቀራል።

የፓይተን አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፓይተን 3 እንደ «ትሩ» እና «ፎልስ» ያሉ ስሞች ሌላ ዋጋ እንዳይሰጣቸው ከልክለዋል። የቀሩትን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ «ሰም» ከማለት «የዝናብ ድምር» ብንል ከብዙ ድካም እንድናለን።